መታገሥና ባሉበት መቅረት፦ ልዩነቱን በምን አወቃችሁ?

የማለዳ ብዕር (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ የጻፍኩት ከሁለት ሳምንት በላይ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ ነው። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አምስቱንም ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር ላይ። ባለፈው ወር ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ ባልደረባዬ የቡድን መሪ ሆኖ ተሾመ። ሲገባ ሥራውን ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ልጁን አልጠላውም፤ ጎበዝ ነው፤ «እንኳን ደስ አለህ» ስለው ከልቤ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያላስተኛኝ ሹመቱ ብቻ አይደለም። ለእናቴ ስነግራት «ታገሺ» አለችኝ። ለአለቃዬ ቅሬታዬን ሳቀርብ «ታገሺ፣ ጊዜሽ ይመጣል» አለኝ። የልብ ጓደኛዬም ያንኑ ቃል ደገመችልኝ። ሦስቱም በቅንነት እንደተናገሩ አምናለሁ። ነገር ግን አንዳቸውም እስከ መቼ እንደምታገሥ፣ ምን እስኪሆን እንደምታገሥ አልነገሩኝም።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በሥራዬ ይህን ያህል የታገሥኩ ሰው በራሴ ጉዳይ ላይ ትዕግሥት የለኝም። አንድ የውጭ ቋንቋ ለመማር ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሦስተኛው ወር ገደማ። ስለዚህ አንዳንዴ «በሥራ ላይ ያለኝ ትዕግሥት እውነተኛ ትዕግሥት ነው ወይስ ለውጥን መፍራት ነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

መታገሥንና ባሉበት መቅረትን በምን ለያችሁ? ምክር አልጠላም፤ ከምክሩ ይልቅ ግን የደረሰባችሁን ብትነግሩኝ ይጠቅመኛል።

ብሩህ ተስፋ

ትዕግሥት መራራ ናት፤ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው። በርቺ እህቴ፣ ሁሉም ያልፋል።

የቶርኖው ሰው

ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ (ብረት የሚላጥበት ማሽን) ላይ ቆሜአለሁ። ስለ ቢሮ ሥራ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ስለ መጠበቅ ግን የምነግርሽ አለኝ።

ሙያውን ስማር በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዘንግ እንዳወጣ ተሰጠኝ። ውፍረቱ 100 ሚሊሜትር፣ ኩሽኔታ (ዘንግ ሲሽከረከር የሚይዘው ቀለበት) የሚገባበት። ዘንጉን ላጥኩ፣ ለካሁ፣ ልክ ነው። ደስ አለኝ፤ ከማሽኑ አውርጄ ለአለቃዬ ወሰድኩለት። አለቃዬ ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠርቶ «አሁን ለካው» አለኝ። ስለካው ቀንሷል። ኩሽኔታው ሲገባበት ላላ። ዘንጉ ተጣለ።

ብረት ሲላጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል። አንድ ሜትር ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የእኔ ዘንግ ከክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ ያህል ቢበልጥ ሲበርድ ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ዓይን አያየውም። ኩሽኔታ ግን ያውቀዋል፤ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ይንገጫገጫል፣ ይሞቃል፣ ይበላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመጨረሻው ልኬት በፊት እጠብቃለሁ። ይህን የምልሽ «ጠብቂ» ለማለት እንዳይመስልሽ። ዘንጉ እስኪበርድ ስጠብቅ ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ምን ያህል እንደሚፈጅ አውቃለሁ። እንደበረደ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ። በዚያ መካከልም መቁረጫዬን እስላለሁ፣ የሚቀጥለውን ሥራ ሥዕል አነባለሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ ጠጋኝ ሳይጠራ አጠገቡ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሰው ማሽን አጠገብ ቁጭ ብሏል። የሚያልፍ ሰው አይለያቸውም። የተቀመጠው ሰው ግን መለየት አለበት።

እንግዲህ አንቺ ዘንድ የሚበርደው ነገር ምንድን ነው? ይህን ብትነግሪኝ የተሻለ ነገር እል ይሆናል።

የማለዳ ብዕር

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፦ አላውቅም። «ልምድ እየሰበሰብኩ ነው» ልልዎት ነበር፤ ነገር ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራሁት ሥራ በሦስተኛው ዓመት ከሠራሁት ጋር አንድ ነው። ወርኃዊ ደመወዝ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ የክፍያ ሰነድ ማጣራት። እጄ ፈጥኗል፤ አዲስ ነገር ግን አልጨመርኩም።

ጥያቄ አያልቅም

እህቴ፣ እኔ «ታገሺ» የሚለውን ቃል ማን ለማን እንደሚናገረው ማየት እወዳለሁ። ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። አለቃ ለሠራተኛ ይላል፤ ሠራተኛ ግን ለአለቃው «ሪፖርቱ ይደርሳል፣ ይታገሡ» ቢል እንደ ስንፍና ይቆጠርበታል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሚዛኑ ግን እንደ ተናጋሪው ወንበር ይለያያል።

ብዙዎቻችሁ ልጆች በጣፋጭ የተፈተኑበትን ጥናት ሰምታችኋል። ዋልተር ሚሼል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው፤ ልጁ አሁን አንድ ጣፋጭ ይበላል ወይም ታግሦ ሁለት ያገኛል። የታገሡት ልጆች ሲያድጉ የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ ትዕግሥት የስኬት ቁልፍ ነው ለማለት ይህ ጥናት ሳይጠቀስ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በላይ በሆኑ ልጆች ላይ ሲደገም ግን ግንኙነቱ ቀንሶ ተገኘ፤ የቤተሰብ ኑሮና የልጁ የቀድሞ ሁኔታ ሲታሰብበት ደግሞ ይበልጥ መነመነ።

ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሌላው ሙከራ ነው። በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 28 ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። ከፈተናው በፊት አዋቂው ለሁሉም የተሻለ የሥዕል ዕቃ እንደሚያመጣላቸው ቃል ገባ። ለአንደኛው ቡድን ቃሉን ጠበቀ፤ ለሁለተኛው ቡድን «ይቅርታ፣ የለም» ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃሉ የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ታገሡ። ቃሉ የታጠፈባቸው ግን 3 ደቂቃ ብቻ።

እነዚያ በሦስት ደቂቃ የበሉት ልጆች ትዕግሥት አጥተዋል ትላላችሁ? እኔ በትክክል አስበዋል እላለሁ። ቃሉን ለማይጠብቅ ሰው መታገሥ ብልህነት አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ያ አለቃሽ ከዚህ በፊት የገባልሽን ቃል ጠብቆ ያውቃል? ጥያቄው እዚያ ላይ ነው።

አምስተኛው በር

የእኔ ታሪክ የአንቺ ተቃራኒ ነው፤ ለዚህም ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት መሥሪያ ቤት ቀያይሬያለሁ። በእያንዳንዱ ቦታ የቆየሁት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። ደመወዜ በየጊዜው ጨምሯል፤ ይህን መካድ አልችልም። መሄድ ያዋጣል የሚሉ ሰዎች በዚህ በኩል ልክ ናቸው።

ነገር ግን በአምስተኛው ቦታ ሳለሁ አንድ ነገር ደረሰብኝ። እዚህ በተለያየ ምክንያት ሦስት ዓመት ቆየሁ። በሦስተኛው ዓመት አለቃዬ መጥቶ «ይህን ክፍል መለወጥ አለብን» ብሎ አንድ የቆየ ፕሮግራም አሳየኝ። እኔ ራሴ በገባሁበት የመጀመሪያ ወር የጻፍኩት ነው። ያኔ በሁለት ቀን ጨርሼው ስለ ፍጥነቴ ተመስግኜበታለሁ። ለመለወጥ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ስም ያወጣሁላቸውን ነገሮች ራሴ አላወቅኳቸውም። ለማፋጠን ብዬ ያቋረጥኩት አንድ መንገድ ሌላ ስድስት ቦታ ላይ እንከን ፈጥሮ ነበር፤ ስድስቱንም ሌሎች ሰዎች ስሜን ሳያነሡ በዝምታ ሲያርሙ ኖረዋል።

በዚያ ሳምንት የገባኝ ነገር ቀላል አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ቦታዎች የጻፍኩት ሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚመስል አንድም ጊዜ አይቼ አላውቅም። ውሳኔ ወስኜ፣ ውጤቱ ሳይመጣ እሄድ ነበር። ስድስት ዓመት ልምድ አለኝ ስል የነበረው የመጀመሪያውን ዓመት አራት ጊዜ መድገሜ ነው። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እንደሚባለው፣ ግድግዳው ሲፈርስ ለማየት እንኳ አልቆየሁም።

ስለዚህ ለእኔ በአንድ ቦታ መቆየት የሚሰጠው ትልቁ ነገር የራስን ስህተት ሲያድግ ማየት ነው። ይህን ማንም ሊያስተምር አይችልም፤ መጽሐፍም አይሰጥም። ሰው ስህተቱ እስኪበስል መቆየት አለበት። አንቺ ግን እህቴ ይህን ጥቅም ያገኘሽው ይመስለኛል፤ አምስት ዓመት በቂ ነው። ልጠይቅሽ፦ ከአራት ዓመት በፊት የሠራሽውን ሥራ ተመልሰሽ አይተሽ «ይህን አሁን ብሠራው በሌላ መንገድ ነበር» ያልሽበት አለ?

የማለዳ ብዕር

አለ። የክፍያ ሰነዶችን የማስቀምጥበት አሠራር የእኔ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ኦዲተሮች መጥተው አንድ ሰነድ ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቀየርኩት። አሁን በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። ይህን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ ጥያቄህ ነው ያስታወሰኝ።

የጠመኔ አቧራ

ስለ ቋንቋው ልናገር፤ ቋንቋ አስተማሪ ነኝ፤ የሦስተኛው ወር ነገር በየዓመቱ የማየው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪ በየቀኑ ያድጋል። ሰላምታ ያውቃል፣ ይቆጥራል፣ ራሱን ያስተዋውቃል። ከዜሮ የተነሣ ሰው ሃምሳ ቃል ሲያውቅ ዓለም ይከፈትለታል። በሦስተኛው ወር ግን ሃምሳ ቃል መጨመር አይሰማውም፤ ምክንያቱም ቀድሞ ስድስት መቶ ያውቃል። ዕድገቱ አልቆመም፤ መታየቱ ነው የቆመው። ተማሪው ግን «አእምሮዬ ለቋንቋ አይሆንም» ብሎ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄዱት በጣም የተጉት ናቸው። ከራሳቸው ብዙ ስለሚጠብቁ።

ሌላው ነገር መርሳት ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እያጠና፣ ምን ያህሉን እንደሚረሳ ራሱ እየለካ አሳይቷል። የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይሸሻል፤ ከዚያ መሸሹ ይዘገያል። ያው ጥናት በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ከመድገም ይልቅ ድግግሞሹን በተለያዩ ቀናት መበተን እንደሚሻልም አሳይቷል። ስለዚህ በመካከል ያለው ባዶ ጊዜ የባከነ ጊዜ አይደለም። ቃሉ ሊረሳ ትንሽ ሲቀረው ታግሎ ማስታወስ ነው የሚያጸናው። ዛሬ፣ ነገ፣ ከአራት ቀን በኋላ፣ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ከወር በኋላ። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ድግግሞሽ መካከል የተማርሽው የጠፋ ይመስልሻል።

«ልማድ በ21 ቀን ይተከላል» የሚለውንም እባክሽ እርሺው። በለንደን 96 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አንድ ልማድ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደፈጀ አሳይቷል፤ እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይዘልቅ ነበር። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን እንዳላበላሸም ተመልክተዋል። በአንቺ ሦስተኛ ወር ላይ ልማዱ ገና ሥር እየሰደደ የነበረ ሊሆን ይችላል። ለአራተኛ ጊዜ ብትጀምሪ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት ድምፅሽን ቅጂና አስቀምጪው። ሦስተኛው ወር ሲደርስ ክፈቺው። ማደግሽ በጆሮሽ ይሰማሻል።

ጉልበትና ጅማት

ከጠመኔ አቧራ ጽሑፍ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሩጫ በቅርብ የጀመሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፤ ደህና ሆኑ በሚሉበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነው። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ወራትን ይፈልጋል። ሰውየው ጉልበቱ «ሂድ» ይለዋል፤ ተረከዙን የያዘው ጅማት ግን ገና አልተዘጋጀም። ያልቸኮለው የሰውነቱ ክፍል የቸኮለውን ሲከተል ይቆስላል። ለታካሚዎቼ «ጅማትህን ጠብቀው» እላቸዋለሁ። በሥራ ዓለምም እንዲህ ያለ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ችሎታ ቶሎ ይመጣል፤ ኃላፊነት የሚሸከም ትከሻ ግን ዘግይቶ።

ሌላ መስኮት

እኔ ደግሞ ተመራማሪዋን ካታሊን ካሪኮን አነሣለሁ። በፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በኤምአርኤንኤ (ለሴል የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ በሚያደርሰው ሞለኪውል) ላይ ስትሠራ የምርምር ገንዘብ ተከለከለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከነበረችበት የሥራ ደረጃ ዝቅ ተደረገች። አልተወችውም። ከባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆና ሰውነት ያንን ሞለኪውል እንዳያጠቃው የሚያደርገውን ለውጥ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱም በሕክምና የኖቤል ሽልማትን ወሰዱ። ሃያ ስምንት ዓመት! እህቴ፣ አምስት ዓመት ምን አላት?

ጥያቄ አያልቅም

ሌላ መስኮት፣ ካሪኮን ስለማከብራት ነው የምመልስልህ። መጀመሪያ፣ ታግሠው ምንም ያላገኙ ሰዎች ስማቸው ስለማይነገር እኛ የምንቆጥረው የተሸለሙትን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ታሪኩን ሙሉ እንናገረው። ካሪኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኒቨርሲቲውን ትታ ወደ ጀርመኑ የመድኃኒት ኩባንያ ባዮንቴክ ሄዳለች። ለሥራዋ ታገሠች፤ ወንበሯን ግን ለቀቀች። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ወንበሩን ይዘን ሥራውን እንተዋለን።

ሌላ መስኮት

ስለመሄዷ አላሰብኩም ነበር። ልክ ነህ፤ እህቴን በቁጥር ማሳነሴም ደግ አልነበረም፤ ይቅርታ።

የቀድሞ አለቃ

ይህን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም «ታገሺ» የሚለው ሰው እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ክፍል መርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።

አንድ ሠራተኛ ቢሮዬ መጥቶ ስለ ዕድገቱ ሲጠይቀኝና እኔም «ታገሥ» ስለው ብዙ ጊዜ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ቦታ የለም ማለት አልፈልግም ነበር፤ ተስፋ ይቆርጥብኛል ብዬ። «ይህና ይህ ይጎድልሃል» ማለትም አልፈልግም ነበር፤ ይቀየመኛል ብዬ። «ታገሥ» ሁለቱንም ይሸፍንልኛል። ሰውየው አመስግኖ ይወጣል፤ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ያልፋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። በቅንነት ነው የማደርገው፤ ቅንነቴ ግን የሰው ዓመት በልቷል። ይህን ስጽፍ ሁለት ሰዎች ፊቴ ላይ ይመጣሉ። አንዷ ሰባት ዓመት አብራኝ ሠርታ በዝምታ ሄደች። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ሦስት መስመር ነበር።

አንድ ነገር ግን ከአለቃ ወገን ሆኜ ልንገርሽ። ዝም ብሎ በትጋት የሚሠራ ሰው ደስተኛ ይመስላል። ፈጣንና ንጹሕ ሥራ ሠርተሽ ስታስረክቢ አለቃሽ «እሷ ቦታዋ ላይ ደህና ናት» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ያ ከአንቺ በኋላ የገባው ልጅ ምናልባት ጠይቋል። ምናልባት «ዓመታዊ ሂሳብ ሲዘጋ እኔ ልምራው» ብሏል። አላውቅም፤ ግን ብዙ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂ። ቅሬታ ይዘሽ አትሂጂ፤ ቅሬታ ሲመጣ አለቃ የሚያስበው ስለማረጋጋት ነው። አንድ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ፦ «ለዚያ ቦታ የሚጎድለኝ ምንድን ነው፤ እሱንስ በየትኛው ሥራ ላሳይ?» በይው። መልስ ካለው ታውቂያለሽ። መልስ ከሌለውም ታውቂያለሽ፤ ፊቱ ይነግርሻል።

የቶርኖው ሰው

የቀድሞ አለቃ፣ እንዲህ ብለው ለመጻፍ ልብ ያስፈልጋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አምስተኛው በር

ሌላ አደጋም አለ። «አምስት ዓመቴ እኮ ነው፣ አሁን ብሄድ ሁሉም ይባክናል» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። አርክስና ብሉመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሙከራ የወቅት የቲያትር ትኬት ከገዙ ሰዎች መካከል ለአንዳንዶቹ በዕጣ ቅናሽ ሰጡ። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ከቅናሽ ተጠቃሚዎቹ የበለጠ ቲያትር ሄዱ። ቲያትሩ አንድ ነው፤ ወንበሩ አንድ ነው። የለየው የወጣው ገንዘብ ብቻ ነው። ያለፈው አምስት ዓመት ብትቀሪም ብትሄጂም አይመለስም፤ ውሳኔሽ የሚመጣውን ዓመት ብቻ የተመለከተ ይሁን።

የማለዳ ብዕር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀድሞ አለቃ፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለእናቴ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ቆይታ «እኔም ስል የነበረው እኮ ስለማላውቅ ነው» አለችኝ። ሰኞ እጠይቀዋለሁ።

የማለዳ ብዕር (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ጠይቄዋለሁ። መቆየቴን ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ ሳይጠራ መጻፍ አልፈለግኩም።

በመጀመሪያ «ታገሺ» ሊለኝ ሲጀምር አየሁት፤ ቃሉ አፉ ላይ ነበር። የጻፍኩትን ወረቀት አቀረብኩለት። ወረቀቱ ላይ ባለፉት ዓመታት ያስተካከልኳቸው አራት አሠራሮች ነበሩ፤ የሰነድ አቀማመጡም አንዱ ነው። ከሥር «ለቡድን መሪነት የሚጎድለኝ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ። ረጅም ጊዜ አነበበው። ከዚያ በኋላ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው። ዓመታዊ ሂሳብ መዝጋትን መርቼ አላውቅም፤ ኦዲተሮች ሲመጡም ከእነሱ ጋር የሚቀመጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። «አንቺ ግን አንድም ቀን ጠይቀሽ አታውቂም፤ የማትፈልጊ መስሎኝ ነበር» አለኝ። የቀድሞ አለቃ የጻፉት ቃል በቃል። ሳለቅስ ትንሽ ቀረኝ፤ ከንዴት ነው ከእፎይታ ለይቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው መዝጊያ ግማሹን እኔ እንድመራ ተስማማን። እዚያው ለባልደረባዬም ነገርነው፤ እሱ ከሁላችንም ይበልጥ ደስ አለው፤ ብቻውን እየተጨነቀ ነበር።

ጥያቄ አያልቅም

በጽሑፍ ሰጠሽ?

የማለዳ ብዕር

የዚያኑ ቀን የተስማማንበትን ጽፌ በኢሜይል ላክሁለት፤ «ትክክል ነው» ብሎ መለሰ። ከዚህ በፊት ቃሉን ይጠብቅ እንደሆነ ላልከውም አስቤበታለሁ። ሁለት ጊዜ ቃል ገብቶልኝ አንዱን ጠብቋል። ስለዚህ በሩን አልዘጋሁም፤ ዓይኔንም አልጨፈንኩም። መዝጊያው ካለቀ ሁለት ወር በኋላ ያለውን ቀን ማስታወሻዬ ላይ አክብቤዋለሁ። እስከዚያ ያልተለወጠ ነገር ካለ እሄዳለሁ፤ ስሄድም መዝጊያ መርቼ ነው የምሄደው።

ጋሼ፣ የሚበርደው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። አሁን ልመልስልዎት እችላለሁ፦ ሰባት ወር፣ አንድ መዝጊያ፣ አንድ ኦዲት።

የቶርኖው ሰው

እንዲህ ሲሆን ይለካል ልጄ። መቁረጫሽን በምን እየሳልሽ ነው?

የማለዳ ብዕር

ያለፉትን ሦስት ዓመታት የመዝጊያ ፋይሎች ወደ ቤት እንድወስድ ተፈቅዶልኛል። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ዓመት ጀመርኩ፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ራሴ ያዘጋጀሁትን የባንክ ማስታረቂያ አገኘሁት። አንድ መስመር ላይ ማብራሪያ ሳልጽፍ ያለፍኩት ልዩነት አለ። ኦዲተሩ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። መልሱን ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ ነገ እጠይቃለሁ።

የጠመኔ አቧራ

ቋንቋውስ?

የማለዳ ብዕር

ድምፄን ቀድቻለሁ። አርባ ሰከንድ ነው። ለማንም አላሰማም፤ እስከ ሦስተኛው ወር ለራሴም።